ወንበሩ ከሊሾው ይቅደም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ማረፊያ ሥፍራ ስለ ማዘጋጀት በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ሆኖም ሥራው ግቢውን ሊሾ ከማድረግ ይጀምራል መባሉ አላስማማኝም፤ ምክንያቴንም ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ላስረዳ።

ከአምስት ዓመት በፊት ጓሮዬን ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ አስደረግሁት፤ መሐል ላይ የነበረችውን ዋንዛም እስከ ግንዷ ድረስ በሲሚንቶ አነቅኋት። ክረምት ሲገባ ቀድሞ መሬቱ ይጠጣው የነበረው ዝናብ መሄጃ አጥቶ ማድ ቤት ገባ፤ በሦስተኛው ዓመት ደግሞ የዋንዛዋ የላይኛው ቅርንጫፍ መድረቅ ጀመረ። በመጨረሻ በድጅኖ አስፈረስሁት። ለማስፈረሻ የከፈልሁት ካሠራሁበት እምብዛም አያንስም፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ከዚያ ወዲህ የጀመርሁት ከመቀመጫው ነው። አንዲት ዱካ ይዤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የጓሮውን ማዕዘን እየቀያየርሁ ሁለት ሳምንት ተቀመጥሁ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ስለዚህ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው፣ ውርጭ በሚጠናበት በዚያ ወራት የደቡቡን አጥር ተጠግቶ መቀመጥ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ መንቀጥቀጥ ነው። እኔ ጀርባዬን ለሰሜኑ ግንብ ሰጠሁ፤ ግንቡም ቀን የሞቀውን ማታ ያካፍለናል።

መቀመጫው ብዙ ወጪ አልጠየቀም። በጥቁር ድንጋይ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ አስካብሁ፤ ላዩ ላይ አጎዛ ይነጠፍበታል። እግር ሥር ያለውን መሬት ስንዝር ያህል አስቆፍሬ፣ ጠጠርና አሸዋ ሞልቼ፣ ጠፍጣፋ ድንጋዮችን ያለ ሲሚንቶ ደረደርሁ፤ በየመካከሉም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቼ ጦስኝ ተከልሁበት። ውኃው በዚያው ይሠርጋል፤ እንግዳ ሲረግጠው ደግሞ ሽታው ከቡናው ጋር ይነሣል። የቀረው ሰርዶ ነው፣ አጥሩን ቀጋና ኮሽም ይዘውታል። ሰው ሠራሽ ሳር ያነጠፋችሁ አትቀየሙኝ እንጂ፣ ከቡና ከሰል የፈናጠረች አንዲት ፍም ምን እንደምታደርገው ጎረቤቴ ቤት አይቻለሁ።

ዋንዛዋ ባለፈው ክረምት ከግንዷ አቆጠቆጠች። የሚረግፈው ቅጠሏ ጠራጊ ያሰለቻል፤ ጥግ ላይ ከምሬ ካበሰበስሁት በኋላ ለጤና አዳሙና ለበሶብላው ይሆናል።

ዝግጅት ክፍሉ ሀገር በቀል ችግኝ የሚያፈሉ ባለሙያዎችን አነጋግሮ፣ በጠባብ ግቢ ውስጥ ሥሩ ግንብ የማይሰነጥቀው ዛፍ የትኛው እንደሆነ ከሰኔ በፊት ቢያስነብበን ብዙዎቻችን እንጠቀምበታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ