የፈረምነውን ወረቀት በአማርኛ ያስረዳን አልነበረም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ገጻችሁን የማነበው ማታ ከሥራ ስገባ ነው። ስለ ቪዛ፣ ስለ ታክስ፣ ስለ ቤት ግዢ የምታወጡት ብዙ ጠቅሞኛል። ስለ ሥራ ቦታ ጤና ግን እስካሁን አንድም ጽሑፍ አላየሁም። ብዙዎቻችን ደግሞ የምንውለው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስለዚህ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የኩሽና ካቢኔት በሚያመርት ፋብሪካ 3 ዓመት ሠርቻለሁ። የነበርኩት ቀለም ክፍል ነው። የካቢኔቱ በር ተንጠልጥሎ ይመጣል። ላከር የሚባለውን የእንጨት ማቅለሚያ እንረጨዋለን፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እናሸዋለን፣ ከዚያ እንደገና እንረጨዋለን። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው።

ሥራውን ያገኘሁት በሰው ነው። አንዲት የአገሬ ልጅ «ኤጀንሲው ሰው ይፈልጋል፣ ሰኞ ነይ» አለችኝ። ሰኞ ገና ሳይነጋ ደረስኩ። ዘጠኝ ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጥንና በእንግሊዝኛ ቪዲዮ አየን። ቪዲዮው ሲያልቅ የወረቀት ክምር መጣ። የምንፈርምበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ ቢጫ ተቀብቷል። ከወረቀቶቹ አንዱ ስለ ጤንነት የሚጠይቅ ረጅም ፎርም ነበር። «ሁሉንም ‹የለም› በሉት፤ አለዚያ ዛሬ ሥራ አትጀምሩም» ተባልን። አልን። ፈረምን። እኔ በዚያን ጊዜ ከፎርሙ ግማሹን እንኳ አልተረዳሁትም ነበር።

ያ ፎርም ምን እንደነበር ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ማስክ አድርጎ የሚሠራ ሰው ልቡና ሳንባው ይችለው እንደሆነ የሚጠየቅበት ነው። አስም አለብህ ወይ? ደረትህን ያምሃል ወይ? ፊትህ ሲሸፈን ትጨነቃለህ ወይ? መልሱን ማየት ያለበት ሐኪም ወይም ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ ነው። አለቃ መልሱን የማየት መብት የለውም። የሚሞላው በሥራ ሰዓት ወይም ለሠራተኛው በሚመች ጊዜና ቦታ ነው፣ ሠራተኛውም ጥያቄው ሊገባው ይገባል። ይህ ሁሉ ሕግ ነው። እኛ ግን ያን ወረቀት በአለቃ ፊት፣ በአለቃ ትእዛዝ ሞላነው።

ከዚያ ማስክ ታደለን። ሁለት ክብ ፊልተር ከጎንና ከጎን ያለው፣ የጎማው ማስክ ነው። ለሁሉም አንድ ቁጥር። የኔ ፊት ትንሽ ነው፤ ማስኩ ከአፍንጫዬ ጎን ይከፈታል። በተነፈስኩ ቁጥር መነጽሬ በእንፋሎት ይሸፈናል። ትንፋሽ በዚያ ከወጣ የላከሩ ሽታም በዚያው እንደሚገባ ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ለሱፐርቫይዘሩ ነገርኩት። «ላስቲኩን አጥብቂው» አለኝ። አጠበቅሁት። ማታ ቤት ስገባ ጉንጬ ላይ የላስቲኩ መስመር ታትሞ ይቀራል፤ ጉሮሮዬ ላይም ያ ጣፋጭ የቲነር ጣዕም አለ።

ስለ ፊልተሩ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውስጡ ከሰል አለ። ከሰሉ ጋዙን ይመጥጣል። ሲጠግብ ግን አይመጥም፣ ጋዙ ዝም ብሎ ያልፋል። እኛ ደግሞ ማስኩን ማታ ቀለም ክፍሉ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅለን እንሄድ ነበር። ስለዚህ እኛ ተኝተን እያደርን ፊልተሩ ሌሊቱን ሙሉ ጋዝ ሲመጥ ያድራል። በሚዘጋ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ፣ ከቀለም ክፍሉ አውጡት ያለን የለም። መቼ እንደሚቀየር ስንጠይቅ «ሲሸታችሁ» ነበር መልሱ። ሕጉ ግን በጠረን ብቻ መወሰንን አይቀበልም። ፊልተሩ ራሱ ጊዜው ማለቁን የሚያሳይ ምልክት ከሌለው አሠሪው በየስንት ጊዜው እንደሚቀየር በጽሑፍ መወሰን አለበት። ምክንያት አለው። እኛ ከላከሩ ጋር የምንቀላቅለው ማጠንከሪያ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ነበር። እሱ በጠረኑ አያስጠነቅቅም። ሸተተኝ ስትሉ አስቀድሞ ከልክ በላይ ስባችኋል። ሰውነት አንዴ ከተቆጣ ደግሞ ከዚያ በኋላ ጥቂቷም ብትሆን አስም ታስነሳለች።

ክረምት ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። የሚኒሶታን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። የቀለም ክፍሉ ማራገቢያ መጥፎውን አየር ይዞ ሲወጣ ሙቀቱንም አብሮ ያወጣል። ስለዚህ ይቀነስ ነበር። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ይጠፋል። ሕጉ ማስክን የሚያየው መጨረሻ ላይ መሆኑ ያኔ አይገባኝም ነበር። መጀመሪያ ኬሚካሉን ጉዳቱ በሚያንስ ቀይር፣ አየሩን በማራገቢያ አውጣ ይላል። ይህ ሁሉ ካልበቃ ነው ማስክ የሚመጣው። እኛ ጋ ማራገቢያው ጠፍቶ ማስኩ ብቻውን ቀረ፤ እሱም የሚያፈስ ማስክ።

አሁን ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። «ጋሼ» ነው የምንለው፣ ከሁላችንም ታላቅ ስለሆነ። እናቱ አገር ቤት አረፉ። መሄድ አልቻለም። እዚሁ ለቅሶ ተቀመጥን። እንደ ወጋችን ጢሙን ሳይላጭ ወደ ሥራ ተመለሰ፤ እስከ 40 እንዲቆይ ነው ያሰበው። ማስኩ ጢሙ ላይ አረፈ። የጎማ ማስክ ከቆዳ ጋር መግጠም አለበት፤ መሐል ላይ ጢም ካለ ያስገባል። ሕጉ ደግሞ አሠሪው እንዲህ አድርጎ እንዲያሠራ አይፈቅድም። ይህ ማለት ግን «ወይ ተላጭ ወይ ውጣ» ማለት ብቻ አይደለም። ራስን ሙሉ የሚሸፍን፣ ንጹሕ አየር የሚነፋበት ኮፍያ አለ። ጢም ያለው ሰው ያደርገዋል። ለጋሼ ያን ያሳየው የለም። እኛም መኖሩን አናውቅም። እሱ ሐዘኑን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲረጭ ከረመ።

ሳሉ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ጢሙ ብቻ አመጣው አልልም፤ ከዚያ በፊትም ዓመታት ረጭቷል። ሌሊት ሌሊት ያፍነዋል። ቅዳሜና እሁድ ይሻለዋል፣ ሰኞ ማታ ይመለሳል። እኛ «ብርዱ ነው» አልነው። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ጤናዳም፣ ማር፤ ያላመጣንለት የለም። አንድ ሐኪም ነው በመጨረሻ «ምን ሥራ ትሠራለህ?» ብሎ የጠየቀው። «የቀለሙን ወረቀት አምጣልኝ» አለው። ጋሼ ሄዶ ቢጠይቅ ወረቀቱ ቢሮ ነው፣ ቢሮው ተቆልፏል ተባለ።

ያ ወረቀት ለእያንዳንዱ ኬሚካል የሚዘጋጅ ነው። 16 ክፍል አለው። 2ኛው ጉዳቱን፣ 4ኛው የመጀመሪያ እርዳታውን፣ 8ኛው ምን ዓይነት ማስክና ጓንት እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ሠራተኛ በሥራ ሰዓቱ ሳይከለከል ሊያገኘው ይገባል። ጋሼ ከሳምንታት በኋላ አገኘው። ያኔ ሐኪሙ ከዚያ ሥራ እንዲወጣ ነገረው። ወጣ። ዛሬ ቤቱ ቡና ሲፈላ ዕጣን አይጨስም። ቅዳሴ ላይም በሩ ጋ ነው የሚቆመው፤ ማዕጠንቱ ሲቀርብ ወደ ብርዱ ይወጣል።

እኔ ሌላ ፋብሪካ ገባሁ። እዚያ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ባለሙያ ማስክ አስደርጎኝ ራሴ ላይ እንደ ከረጢት ያለ ነገር አጠለቀልኝ። ውስጡ የሆነ ነገር ነፋበት። «ራስሽን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ጎንበስ በይ። አሁን ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢ» አለኝ። አንድ መስመር ሳላነብ ምላሴ ላይ ግራዋ የመሰለ ምሬት መጣ። «መረረኝ» አልኩት። «ማስኩ ልክሽ አይደለም ማለት ነው» ብሎ ትንሹን ቁጥር ሰጠኝ። በትንሹ ምንም አልመረረኝም። ይህ ምርመራ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ከዚያም በየዓመቱ በአሠሪው ወጪ የሚደረግ ግዴታ ነው። እዚያው ቆሜ ሦስቱን ዓመት አሰብኩና እንባዬ መጣ። ሰውዬው ደነገጠ፤ ማስኩ ያመመኝ መስሎት ነበር።

ለምን ዝም አላችሁ የሚል ይኖራል። ሥራው በሰው የተገኘ ነው። እኔ ብናገር ያስገባችኝ ልጅ ታፍራለች፣ እሷም ሥራዋን ልታጣ ትችላለች። ይሉኝታ ነው አፋችንን የያዘው፤ እንግሊዝኛው ብቻ አይደለም። በዚያ ላይ ኤጀንሲው «ፋብሪካውን ጠይቁ» ይላል፣ ፋብሪካው «ኤጀንሲያችሁን ጠይቁ» ይላል። ሁለቱም ኃላፊነት እንዳለባቸው አናውቅም ነበር።

አሁን የማውቀውን ልጻፍ፤ ለአንድ ሰው እንኳ ቢደርስ። ኦሻ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የቆመው በ1970 በወጣ ሕግ ነው። በየዓመቱ ፋብሪካዎችና ድርጅቶች በብዛት ከሚከሰሱባቸው 10 ጥፋቶች ውስጥ የማስክና የኬሚካል መረጃ ጉድለት አይጠፉም። መሥሪያ ቤቱ በ2010 ባወጣው መመሪያ፣ ሕጉ ሠራተኛን አሠልጥኑ ባለበት ሁሉ ሥልጠናው ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋና ቃል መሰጠት እንዳለበት ግልጽ አድርጓል። የኬሚካሉ ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ ቢሆን ይፈቀዳል። ሥልጠናው ግን ላልገባው ሰው ተሰጠ አይባልም። ስለዚህ «አልገባኝም፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት መብት ነው።

የኦሻ ስልክ 1-800-321-6742 ነው። ሚኒሶታ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ኔቫዳና ካሊፎርኒያ የራሳቸው መሥሪያ ቤት አላቸው። ጠቋሚው ስሜ ለአሠሪዬ እንዳይነገር ካለ አይነገርም። ተፈርሞበት የገባ ጥቆማ ግን መጥተው የማየታቸውን ዕድል ከፍ ያደርጋል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሠራተኛም ሕጉ ይመለከተዋል። በመናገሩ የተባረረ ወይም ሰዓቱ የተቀነሰበት ሰው በፌዴራሉ ሕግ አቤቱታውን በ30 ቀን ውስጥ ማስገባት አለበት። ይህን 30 ቀን እባካችሁ በትልቁ ጻፉልኝ። ብዙ ሰው የሚያመልጠው እሱ ነው።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለሥራ ቦታ ጤና በወር አንዴ ቦታ ስጡት። ሐኪም ጋብዙ፣ የሕግ ባለሙያ ጋብዙ፣ የዶሮ ፋብሪካ፣ የልብስ ንጽሕና፣ የጽዳት ሠራተኛም ይጻፍ። እኔ የላከሩንና የማጠንከሪያውን ወረቀት 2ኛ፣ 4ኛና 8ኛ ክፍል ከልጄ ጋር ሆነን ወደ አማርኛ መልሰነዋል። ሁለት ምሽት ፈጀብን። የኬሚስትሪ ተማሪ የሆነች አንባቢ ካላችሁ ታርምልንና አውጡት። ነገ ልልክላችሁ እችላለሁ።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከሚኒሶታ