ሻርፑ የኔ ነው

ለአዘጋጁ፣

ስለ ኮምቦልቻ ጋርመንት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ በጣም ነው የተናደድኩት። "ገበያ ሲቀዘቅዝ ፋብሪካው እንዴት ይሻሻል፣ ሰራተኞች ምን ይላሉ" ብላችሁ ጀምራችሁ ያናገራችሁት የሰው ሀይል ሀላፊውን ነው። እሱም ደሞዝተኛ ነው ካላችሁ እሺ፣ እኔም ከነገ ጀምሮ ማናጀር ነኝ በቃ።

እሱን እንኳን ተዉት። ፎቶው ስር "በሰራተኞች መቅረት የቆሙ ማሽኖች" ነው ያላችሁት አይደል? እስኪ አጉሉትና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እዩት። ስድስት ሰዓት ከሩብ! ምሳ ላይ ነን እኮ። ያለችን ሰላሳ ደቂቃ ናት፣ ላይኑ በሙሉ፣ ማለት ተከታትለን የምንሰፋው ሁላችንም፣ ካንቲን ተሰልፏል። ሶስተኛው ወንበር ላይ የተሰቀለው ቀይ ሻርፕ ደግሞ የኔ ነው፣ የፋብሪካውን ኮፍያ ስለምናደርግ የራሳችንን እዛው ነው የምንተወው። የቀረ ሰው ሻርፑን ልኮ ነው እንዴ የሚቀረው?

ሰው አይቀርም አላልኩም፣ ይቀራል። ከደሴ የምትመላለስ ጓደኛዬ ሚኒባስ አጥታ ሐረጎን ወርዳ እስክትደርስ በሩ ይዘጋባታል፣ የቀን ደሞዟም ይቆረጣል። በ2014 ታህሳስ ያለቀረጥ ወደ አሜሪካ የምንልክበት አጎዋ ሲቀር እኛ አላስቀረነውም፣ በ2016 ሐምሌም ብሩን እኛ አላዳከምነውም፣ ኑሮው ግን እኛ ላይ ነው የወጣው። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይላል አሉ፣ እስካሁን ቦርዱ የወሰነው ብር ኪሴ አልገባም።

ምን ይሻሻል ብትሉኝ ኖሮ ይሄን እነግራችሁ ነበር። ባለፈው መርፌዬ ተሰበረ። ስብርባሪው ካልተገኘ አዲስ አይሰጥም፣ እሱ ልክ ነው፣ ልብሱ ውስጥ ቀርቶ የሰው ልጅ ቢወጋስ። ግን ጎንበስ ብዬ በማግኔት ጫፉን ፈልጌ፣ ወረቀት ላይ በፕላስተር ለጥፌ፣ ሱፐርቫይዘሩ ፈርሞ፣ መርፌ የምትሰጠው ልጅ ከስቶር እስክትመለስ አርባ ደቂቃ ሄደ። ታርጌቴ በሰዓት 60 እጅጌ ነበር፣ 60 እንደሆነ ቀረ። ማታ የታርጌት ሰሌዳው ላይ ስሜ በቀይ ተጽፎ አገኘሁት። መርፌውን ላይኑ አጠገብ ማስቀመጥ ዶላር ይፈልጋል እንዴ?

ደግሞ ገበያ ሲቀንስ ትዕዛዙ ትንሽ ትንሽ ነው የሚመጣው፣ ሸሚዙን እጃችን ሲለምደው ወደ ሱሪ እንዞራለን፣ አዲስ ስታይል ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንም ቢሆን ይዘገያል፣ ታርጌቱ ግን ከመጀመሪያዋ ቀን ሙሉ ነው፣ ከዛ ሪወርኩ፣ ተበላሽቶ እንደገና የሚሰፋው፣ ሲከመር "ልምድ የላቸውም" ይባላል፣ እናንተም ትጽፉታላችሁ። ስንት ጊዜ ሀሳብ ስጡ ተብለን ሳጥን ውስጥ ከተናል፣ ቁልፉ ጠፍቷል መሰለኝ።

አብሽሩ፣ ክስ አልመሰርትም። ፎቶው ስር ያለውን አስተካክሉ፣ ፎቶ አንሺያችሁም ሌላ ቀን ከሰባት ሰዓት በኋላ ይምጣ። ሶስተኛው ማሽን ላይ ያገኘኛል፣ መርፌ ካልተሰበረ።

አንዷ የላይን ሰራተኛ፣ ከኮምቦልቻ