ለልጄ፦ ከሰሉ ወደ ድንኳኑ እንዳይገባ

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 26

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባለቤትሽና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዘንድሮው ክረምት ከብዶ ግቢው ጭቃ በጭቃ ነው፤ የእናትሽ ጉልበት ግን ከአምናው ይሻላል።

የገዛችሁትን አሮጌ ተሳቢ ካምፐር፣ ያን በመኪና የሚጎተተውን ባለ ሸራ ማደሪያ፣ በፎቶ አይቼዋለሁ። ጣራው በመዘውር ሲነሣ፣ አልጋዎቹ በሁለቱም በኩል እንደ መሳቢያ ሲወጡ፣ የሸራ ግድግዳው ሲወጠር ልጆቹ እንዴት እንደሚቦርቁ በዓይኔ መጣብኝ። እንቁጣጣሽን ተራራ ላይ ልታሳልፉ በማሰባችሁም ደስ ብሎኛል። የአክስትሽ ልጅ ግን ትናንት ስትደውል አንድ ነገር ጣል አድርጋብኝ፣ ሌሊቱን ሳላሸልብ አደርኩ። ማሞቂያው አይሠራም፣ ብርዱ ከበረታ በረንዳ ላይ ሥጋ የምትጠብሱበትን የከሰል ምድጃ ለትንሽ ጊዜ ወደ ውስጥ ታስገባላችሁ አለችኝ። ልጄ፣ ከሰል ወደ ድንኳኑ አይግባ። ለትንሽ ጊዜም አይግባ።

የምነግርሽ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በመንገድ ሥራ ካምፕ ስንት በጋ ከሸራ ሥር እንዳደርኩ እናትሽ ታውቃለች። ስለዚህ በትዕግሥት አንብቢልኝ።

ከሁሉ በፊት ጎማውን ተመልከቱ። ቆሞ የኖረ ተሳቢ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይሞታል፤ ፀሐይና ዕድሜ ይጨርሱታል። በጎማው ጎን ዲ.ኦ.ቲ. (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ፣ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ። 2314 የሚል ከሆነ በፈረንጅ 2014፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው ቀይሩት፤ ስኮርታውንም ጭምር። ኩሽኔታው ተፈትቶ አዲስ ግራሶ ይግባበት። ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዳችሁ በኋላ ቁሙና እጃችሁን ወደ ጎማው መሐል አስጠጉ፤ አንዱ ከሌላው ይልቅ ከጋለ ኩሽኔታው እየሄደ ነውና አትቀጥሉ። ስትደርሱም ከመኪናው ሳትፈቱት ግራና ቀኙን በጣውላ አስተካክሉ፤ ለጎማዎቹ ታኮ አድርጉላቸው። በአራቱ ማዕዘን ያሉት እግሮች እንዳይወዛወዝ ለመደገፍ እንጂ ለማንሣት አልተሠሩም፤ በእነሱ ካነሣችሁት ሻንሲው ይጣመማል።

አሁን ወደ መኝታው ልምጣ። ከአሮጌ ካምፐር ጋር የሚመጣው ስፖንጅ አርጅቶ ስለሚሳሳ ጎንሽ ጣውላውን ያገኘዋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እነዚያ ወደ ውጭ የሚወጡት አልጋዎች ከሥራቸው ባዶ መሆናቸው ነው፤ ነፋስ ያልፍባቸዋል። ሰው ብርዱ ከላይ የሚመጣ ይመስለውና ብርድ ልብስ ይደራርባል፤ ድንኳን ውስጥ ግን ብርዱ ከታች ነው። እናትሽ ለሠርግሽ የሰጠችሽን ባና ከላይ እንዳትደርቢው። ከስፖንጁ በላይ፣ ከአንሶላው በታች አንጥፊው። የጮቄ በግ ጠጉር ነው፤ እርጥበት ቢነካው እንኳ ሙቀት ይይዛል። ከስፖንጁ ሥር ደግሞ ለስፖርት የሚነጠፈውን ዓይነት ምንጣፍ አድርጊበት። ልጆቹ ቀን የለበሱትን ለብሰው አይተኙ፤ ላብ የያዘ ልብስ ሌሊት ያንቀጠቅጣል። በደንብ የሚከደን ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ፣ ካልሲ አልብሳችሁ በእግራቸው በኩል አስቀምጡላቸው።

መስኮቱን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ። አራት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ የሚያድረው እርጥበት ሸራው ላይ ጤዛ ይሆንና ፍራሹን ያበሰብሳል። በሁለት ተቃራኒ በኩል ጣት የሚያስገባ ያህል ክፍት ይደር። ይህን ስልሽ ግን ከሰል ለማስገባት ፈቃድ እንዳታደርጊው። መስኮት ቢከፈትም ከሰል አይግባ።

አጎትሽን ታውቂዋለሽ። የምታውቂው ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ ያለውን አጎትሽን ነው። ከዚያ በፊት የካምፑ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበር። የሠራተኛውን ሁሉ ሒሳብ ወረቀት ሳያይ ይነግርሻል፤ ደመወዝ ከፋዩ ሲጠራጠር የሚጠይቀው እሱን ነበር። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ በሚወጣው መንገድ ሰፍረን ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ከእሱ ጋር በአንድ ድንኳን የሚያድር አንድ የግሬደር ረዳት ነበር፤ ጢም ያላወጣ፣ ለእናቱ አንድ የሆነ ልጅ። ያን ምሽት ቡና አፍልተው ጠጡ። ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ አመድ ለብሷል። ጭስ ከሌለው ምን ያደርጋል ብለው ምድጃውን በሁለቱ አልጋዎች መካከል አስቀመጡት፤ የድንኳኑን በር በገመድ አሰሩት።

ጠዋት ለሥራ የጠራኋቸው እኔ ነኝ። መልስ ሳጣ ገመዱን ቆርጬ ገባሁ። ልጁ በጎኑ ተኝቷል፤ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቧል፤ ጉንጩ ቀልቷል። በዚያ ብርድ ያደረ ሰው አይመስልም ነበር፤ እኔም ሞቆት የተኛ ነው የመሰለኝ። ትከሻውን ስነካው ነው ያወቅሁት። አጎትሽ ያቃስት ነበር፤ በገልባጭ መኪና ጭነን ወደ ደብረ ማርቆስ አወረድነው። ከምድጃው ውስጥ ከሰሉ ቅርጹ ሳይፈርስ አመድ ሆኖ ቁጭ ብሎ ነበር።

አጎትሽ ተረፈ፤ ያ ሁሉ ሒሳብ ግን ጠፋ። ቁርስ መብላቱን ይረሳል፤ ገበያ ተልኮ ባዶ እጁን ይመለሳል። ልጆች ሆናችሁ ስትስቁበት እናታችሁ አለንጋ የምታነሣው ለዚህ ነበር። ሰው መተት ነው አለ፣ ጋኔን ነው አለ፤ ጠበል ለጠበል አዞርነው። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ፣ በዚያ ካምፕ ከነበርነው ሁሉ አመድ የለበሰ ከሰል እንደሚገድል የሚያውቅ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው። አንድ ቃል የሚነግራቸው ነበር ያጡት። አንቺ ሕፃን ሳለሽ ካምፕ ውሰደኝ፣ ድንኳን ውስጥ ልደር ብለሽ የመኪናዬን በር ይዘሽ ስታለቅሺ ለምን እንደማልወስድሽ አሁን ይገባሻል። ደግሞ እንዴት አድርገሽ ታለቅሺ ነበር!

መርዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል፤ ቀጥሎ እንቅልፍ ነው። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የምትኖሩባት የአሜሪካ ከተማ ዴንቨር ከፍታዋ 1600 ሜትር ገደማ ነው፤ የምትሰፍሩበት ቦታ ወደ 2800 ይጠጋል ብለሽኛል። ከፍታም እንዲሁ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል። ስለዚህ ከልጆቹ አንዱ ሌሊት ራሴን አመመኝ ካለሽ ከፍታው ነው ብለሽ መልሰሽ እንዳታስተኚው። መጀመሪያ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

የካምፐሩን የራሱን ማሞቂያ አሠሩት። በትክክል ሲሠራ የሚያቃጥልበትን አየር ከውጭ ስቦ ጭሱንም ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ከከሰሉ የሚለየው በዚህ ነው። ግን አሮጌ ስለሆነ የሚያውቅ ባለሙያ ፈትቶ ይየው፤ ነፍሳት ጭስ ማውጫው ውስጥ ቤት ሠርተው ይሆናል። የጋዙን ቱቦና መጋጠሚያውን ሁሉ የሳሙና ውኃ ቀቡት፤ አረፋ ከሠራ ያፈሳል ማለት ነው። ምግብ ማብሰያውን ለኩሳችሁ ቤት ለማሞቅ አትሞክሩ። ከሁሉም በላይ ግን ኤሌክትሪክ ያለበት የመስፈሪያ ቦታ ያዙና የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ተጠቀሙ። ገንዘብ ልቆጥብ እንዳትዪ፤ ከፈለግሽ እኔ ከጡረታዬ እልክልሻለሁ።

መርዙን የሚጠቁመውን ማንቂያ መሣሪያ አዲስ ግዢ። ከካምፐሩ ጋር በመጣው አትመኚ። ቁልፉን ስትጫኚው ይጮኽ ይሆናል፤ መርዙን የሚለየው ክፍል ግን ዕድሜ አለው፣ ከጀርባው ይጻፋል። ያን ሳታዪ ልጆቼን አታስተኚብኝ። ደግሞም ከሰሉ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ጠፍቷል ብላችሁም ከዝናብ ልታስጠልሉት አታስገቡት።

ሌላውን ባጭሩ ልንገርሽ። ሸራው እርጥብ እያለ ካጠፋችሁት ቤት እንደገባችሁ በማግሥቱ ክፈቱና አድርቁት፤ ካልሆነ ይሻግታል። ዚፑ ከያዘ ሻማ እሹበት። ድብ አለ ስላልሽኝ ምግብ መኪናው ውስጥ ተቆልፎ ይደር እንጂ ከሸራው ሥር አይደር። ባለቤትሽ ጎበዝ ሾፌር ነው፤ ተሳቢ ግን ቁልቁለት ላይ ከኋላ ይገፋል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ፍሬኑ የሸተተ ስንት መኪና ቆሞ አይተሻል! ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንስ፤ ፍሬን እንደረገጠ አይውረድ። ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሌሊት እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ እደሩበት፤ የጎደለው ሁሉ ቤታችሁ አጠገብ ሳላችሁ ይታወቃል።

እናትሽ ትስማችኋለች። አጎትሽም አጠገቤ ተቀምጧል፤ ስምሽን ስጠራለት ፈገግ ይላል።

ማሞቂያው ካልተሠራ አትሂዱ። በዓሉን ቤታችሁ አክብሩት፤ ተራራው የትም አይሄድም።

አባትሽ

ማሳሰቢያ፦ የጎማውን አራት አኃዝና የማንቂያውን ጀርባ ፎቶ አንሥተሽ እስከ ዓርብ ላኪልኝ። ዓርብ ካልደረሰኝ ሌሊትም ቢሆን እደውላለሁ።