ለእማዬ፣ ስለ ጎመኑ

የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ከጦሳ ተራራ ሥር ካለችው ቤትሽ ይድረስሽ። እኔም ባለቤቴም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን የምጽፍልሽ በስልክ መናገር ስላልቻልኩ ነው። ስልኩን ስትከፍቺው ድምፁ ለቤቱ ሁሉ ይሰማል፤ አጠገብሽ ጎረቤት አይጠፋም፤ አንቺም «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ትዪና ወሬውን ወደ ልጆቹ ትመልሺዋለሽ። ደብዳቤ ግን ለብቻ ይነበባል። በ1971 መሠረተ ትምህርት ዘመቻ እኔን አዝለሽ የቆጠርሽው ፊደል ዛሬ ይጥቀመን። መነጽርሽን አድርጊና ማንም ሳያነብልሽ ራስሽ አንብቢው።

ናትናኤል በቁመት አባቱን አልፎታል። ቤዛ ሥጋ መብላት ከተወች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ለእንስሳቱ አዝና ነው። ለምጣድ ማሰሻ ብለሽ ከላክሽልኝ ጎመን ዘር ባለፈው ሰኔ ቁንጥር አድርጋ ወሰደችና በረንዳ ላይ በባልዲ አፈር ውስጥ ዘራችው። እኔ ይበቅላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በሳምንቱ ልብ የመሰሉ ጥንድ ጥንድ ቅጠሎች አፈሩን ገፍተው ወጡ። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ጎንበስ ብላ ታያቸዋለች። «አያቴ ጎመኑን እንዴት ነው የምትሠራው? በምን ልክ?» እያለች ትጠይቀኛለች። አንቺ ሁሉን በእፍኝና በቁንጥር ስለምትለኪ የምመልስላት አጣሁ። ጻፊላት፤ ከእኔ ይልቅ አንቺን ትሰማለች።

አንቺ ዘንድ ያለው ታደሰ ሁሉን ነገረኝ። አትቆጪው፤ አስጨንቄው ነው። በቀኝ እግርሽ አውራ ጣት ሥር ያለው ቁስል ከኅዳር ጀምሮ አልደርቅ ብሏል አለኝ። ስኳር እንዳለብሽ ካወቅሽም ሁለት ዓመት አልፏል አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ስንነጋገር አንዲት ቃል አልወጣሽም።

እኔ የምሠራው ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለእያንዳንዱ በሽተኛ ካርድ አለ፤ ትሪውን የምናዘጋጀው ካርዱን አይተን ነው። የስኳር ሕመም ካለበት ሰው ትሪ ላይ ነጩን ዳቦና ጣፋጩን ጭማቂ እናነሣለን፤ በምትኩ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ከነገለፈቱ የተፈጨ እህል እናደርጋለን። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ትሪውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ቅቤና ሥጋ የሌለበት ያው የአንቺ የጾም ገበታ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከወጥ ቤቱ የምግብ ባለሙያ ብዙ ጠይቄ ተምሬያለሁ። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲንና 8 ግራም ያህል አሰር (ፋይበር) አለው። አሰሩ ምግቡን በሆድ ውስጥ ስለሚያዘገየው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ለጸሎተ ሐሙስ ስንዴና ባቄላ አንድ ላይ ትቀቅዪልን የነበረው ጉልባን አንዱ የጎደለውን ሌላው እየሞላ ሙሉ ፕሮቲን ይሆናል። ሊጡን ሁለት ሦስት ቀን ማቡካትሽ ደግሞ በጤፉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ እንዲወስደው ያደርጋል። ይህን ሁሉ ማንም ሳይነግርሽ ታደርጊው ነበር። ያን ቀን ወጥ ቤቱ ውስጥ ስለ አንቺ ሳወራ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

አንቺ ግን ጎመን ከቤትሽ እንዳይገባ ካደረግሽ ስንት ዓመትሽ። እኔ ገንዘብ መላክ ስጀምር «የድህነት ምግብ በቃኝ» አልሽ። ቁርስሽ ነጭ ዳቦ፣ ምሳሽ ማካሮኒ፣ በሻይሽ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ሆነ። ታደሰ አንድ ጊዜ ቀይ ጤፍ ቢያስፈጭልሽ «ምን ጎደለብን?» ብለሽ ዱቄቱን ለሠራተኛዋ ሰጠሻት። ያሳመመሽ የእኔ ገንዘብ ነው እያልኩ ሌሊት እባንናለሁ እማዬ።

የ1977 ፋሲካ ትዝ ይልሻል? ስምንት ዓመቴ ነበር። አባባ ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከገጠር የተሰደደው ሰው በየመንገዱ ዳር ተኝቷል፤ በእኛ ቤት ከጓሮው ጎመን በቀር የሚበላ የለም። አንቺ በማለዳ ተነሥተሽ የተረፈችንን ሽንኩርት በበርበሬ አቁላላሻት። የሚገባበት ዶሮ የለም፤ ቁሌት ብቻ። ሽታው አጥሩን እንዲሻገር በሩን ገርበብ አድርገሽ ተውሽው። እትዬ ዘነቡ በአጥሩ በኩል «ዶሮው ደረሰላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ዶሮ የለንም፣ ጎመን ነው» አልኳቸው። ክንዴን ይዘሽ ጓዳ አስገባሽኝ። ጭኔን ቆንጥጠሽ አዞርሽው፤ «ገመናችንን አወጣሽው» አልሽኝ። ማታ እትዬ ዘነቡ በሳህን ሸፍነው አንድ ብልት ዶሮ ቢያመጡ «ጠግበናል» ብለሽ መለስሽባቸው። እስከ ዳግማ ትንሣኤ አላናገርሽኝም። ስምንት ቀን። ቁንጥጫው በማግስቱ ለቀቀኝ፤ ዝምታሽ ግን ዘንድሮ አርባ ዓመት ሞላው።

ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል፤ እኔም ልጆች አሳድጌያለሁ። ሲገባኝም ግን ያማል። የዋሸሁት ነገር አልነበረም። እስከ ዛሬ ሰው ቤት ተጋብዤ «ቤታችሁ ምን ትበላላችሁ?» ሲሉኝ ልቤ ይመታል።

ያም ሆኖ አራታችንንም በዚያው ጎመንና በበቀለ ባቄላ ንፍሮ አወጣሽን። በዚያ ዓመት አንዳችንም አልሞትንብሽም። ይህን አንድም ቀን ተቀምጬ አላመሰገንኩሽም። አመሰግንሻለሁ።

ያን ዕለት ድስቱን እንደከደንሽው ዛሬ እግርሽን በካልሲ ሸፍነሻል። አንዲት ሴትዮ የሽፈራው ዱቄት ሰጥታሽ «ይህን እየጠጣሽ ክኒኑን ተዪው» ብላሻለች አሉ። እማዬ፣ ሽፈራው ደግ ቅጠል ነው፤ ኮንሶዎች እንደ ጎመን እየቀቀሉ ኖረውበታል። የስኳር መድኃኒትን ግን አይተካም። አብሽም አይተካም፤ እንዲያውም ከክኒኑ ጋር ሲደመር ስኳርሽን ከልክ በታች ሊያወርደው ስለሚችል ከጠጣሽ ለሐኪሙ ንገሪው። ክኒንሽን ዛሬውኑ ጀምሪ።

ዐቢይ ጾምም ሊገባ ነው። በ55ቱ ቀን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምሺ ልትውዪ ማሰብሽን አውቃለሁ። መድኃኒት እየወሰድሽ በባዶ ሆድ መዋል ሊጥልሽ ይችላል። ለነፍስ አባትሽ ሕመምሽን ንገሪያቸው፤ አይከለክሉሽም። የምትወስጂው ክኒን ሜትፎርሚን ነው ብሎኛል ታደሰ። ይህ መድኃኒት ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 የሚባለውን ቫይታሚን ሊያሳንስ ይችላል፤ ቢ12 ደግሞ በጎመንም በምስርም ውስጥ የለም። ሲጎድል እግር ያደነዝዛል። ደምሽን ሲያዩልሽ እሱንም ይዩልሽ።

ሌላው ገበታሽ ነው። እንጀራውን ወደ ግማሽ አውርጂው፤ ጤፍም ቢሆን ሲበዛ ስኳር ይሆናል። ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን አብዢ። ጎመኑ አረንጓዴነቱ እስኪጠፋ አታንተክትኪው፤ በጥቂት ውሃ ለስለስ ሲል አውርጂው፤ ቫይታሚን ሲ እሳት ላይ ሲቆይ ይጠፋል። ቃሪያ ክተፊበት፣ ሎሚ ጠብ አድርጊበት፤ ብረቱን ሰውነትሽ በደንብ የሚወስደው ያኔ ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲሆን ብረቱን ያስቀረዋል፤ አንድ ሰዓት ቆይተሽ ጠጪ። ተልባውንም ሳትወቅጪው እንዳትበዪ፤ እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል።

ምግብ ብቻ ግን ቁስሉን አያደርቀውም። ወዲህ ወዲያ ያልኩት ይህን መጻፍ ፈርቼ ነው።

ባለፈው መጸው አንቺን የሚያህሉ ሴት እግራቸው ላይ ትንሽ ቁስል ይዘው ገቡ። ጠጠር ወግቷቸው ኖሮ አልተሰማቸውም፤ ስኳር የእግርን ስሜት ይወስዳል፣ ደሙም እንደ ልብ አይደርስለትም። ትሪያቸውን የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ምስር ይወዳሉ፤ ስሜን ለመጥራት ይሞክሩ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ትሪውን ይዤ ስገባ ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነበር።

ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ልጅ የስኳር መለኪያ፣ ስፌቱ የማይነካሽ ካልሲና ሰፊ ጫማ ይዞልሻል። ቤት ውስጥም ቢሆን ባዶ እግርሽን አትሂጂ። እግርሽን የምትታጠቢበት ውሃ ምን ያህል እንደሞቀ በክንድሽ ለኪው፤ እግርሽ አይነግርሽም። ሐኪም ቤት ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ እንዳትዪ። ነገ ሂጂ። ሥራ ካለው ታደሰ ሥራውን ይተወው፤ የቀኑን ገቢ እኔ እልክለታለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ታደሰን ጥሪው፣ በሩን ዝጉ፣ ካልሲሽን አውልቂ፣ እግርሽን ፎቶ አንሥቶ ይላክልኝ። ለማንም አልናገርም።

ልጅሽ