ለአባባ፦ ስለ ጥንዚዛዎቹ

ውድ አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «የምታጠኚው ማሽላችንን የሚፈጀውን ነው ወይስ እበት የምታንከባልለዋን?» ብለው እንደጠየቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። ሁለቱንም ነው አባባ። ዘመዳሞች ናቸው። ስካራብ የሚባል አንድ ቤተሰብ አለ፤ በዓለም ላይ ከ30 ሺህ በላይ ዝርያ አለው። ሁለቱም ከዚያ ናቸው።

ዝምድናቸውን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። አንዱን ይያዙና አንቴናውን ልብ ብለው ይዩት። ጫፉ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ስስ ቅጠሎች አሉት። ጠረን ሲፈልግ ይዘረጋቸዋል፣ አፈር ሲምስ ይከድናቸዋል። ፍግ ሲዝቁ የሚያገኙት ነጭ፣ ወፍራም፣ ተጠቅልሎ የሚተኛ ትል ብዙውን ጊዜ የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው።

ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። እበት ከሚበሉት እንኳ አንዱ አድቦልቡሎ ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው እዚያው ከእበቱ ሥር ጉድጓድ ምሶ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ሌላው ከእበቱ ሳይወጣ እዚያው ይራባል። እኔ ቆፋሪዎቹን እወዳለሁ። እነሱ ባሉበት አፈሩ ውሃ ያሰርጋል፣ ማዳበሪያው እስከ ሥር ይደርሳል፣ ዝንብም መፈልፈያ ያጣል። አንዳንዶቹ ቁርጥ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ካላየን አንለያቸውም። ቀኑን ሙሉ አቀርቅሬ የምውለው ለዚህ ነው።

ዝርያ መለየት ምን ያደርጋል የሚልዎት ካለ የአውስትራሊያን ይንገሩት። የአገሩ ጥንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሮን ደረቅ ፋንድያ ነው። አውሮፓውያን ከብት ሲያመጡ የላሙን እርጥብ እበት የሚነካው ጠፋ። እበቱ መስክ ላይ እየደረቀ ሣሩን ከለከለ፤ ዝንቡም አገሩን ወረረው። ጆርጅ ቦርኔሚሳ የሚባል የሃንጋሪ ተወላጅ ሳይንቲስት ይህን አይቶ በ1960ዎቹ ከአፍሪካና ከአውሮፓ ጥንዚዛ የማስመጣቱን ሥራ አስጀመረ። በሽታ እንዳይገባ እንቁላሎቹን እያጠቡ ነበር የሚልኩት። ከ40 በላይ ዝርያ ተለቀቀ፤ 23ቱ አገሩን ለመዱ። የትኛው በየትኛው አየርና አፈር እንደሚኖር ባይለዩ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

የእኛው ማሽላ ፈጅ ደግሞ ሳይንሳዊ ስሙ ፓክኖዳ ኢንተራፕታ ነው። እሸቱ ወተት ሲይዝ ጠብቆ ይወርድበታል። የአበባና የፍሬ ጠረን ስለሚስበው ተመራማሪዎች በጠረን የሚያጠምድ ወጥመድ ሞክረውበታል። መርጨት ብቻ አይደለም መላው። በተለይ መስክ ላይ ባለ እበት አጠገብ እንዳይረጩ አደራ፤ የሚጠቅሙንም አብረው ያልቃሉ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ለከብቶቹ የሚሰጠው የጥገኛ መድኃኒት አይቨርሜክቲን መሆኑን የእንስሳት ሐኪሙን ይጠይቁልኝ። ማሳከሙን እንዳይተዉ። ግን መድኃኒቱ ከእበቱ ጋር ይወጣና የጥንዚዛዎቹን ትል ይገድላል። ከታከሙ በኋላ በነበሩት ሳምንታት እበቱ ሳይነካ ይቆያል ወይስ እንደ ድሮው ቶሎ ይጠፋል? ከእርስዎ የተሻለ ይህን የሚያውቅ የለም። ዝናቡ ሲገባ አይተው ይንገሩኝ።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ