ሙቀቱ ሳይበረታ ጣሪያው ይታይ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ በላይ እንደምትሞቅ ነዋሪዋ ሁሉ እያወቀ፣ በብዙ ቤት የሚደረገው ዝግጅት ግን ፋን ከመግዛት አለማለፉ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አድርጎኛል። ፋን መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ የክፍሉ ሙቀት 40 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ የጋለውን አየር በሰው ላይ ከመንፋት በቀር አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከፋኑ በፊት ጣሪያውን ቢያይ ይሻለዋል።

ኮርኒስ በሌለው ቤት የጋለ ቆርቆሮ ሙቀቱን በቀጥታ አናት ላይ ይለቀዋል፤ የብሎኬቱ ግድግዳም ቀን የተቀበለውን ይዞ አምሽቶ ስለሚያወጣው፣ ደጁ ነፋሻ ሆኖ ሳለ ቤት ውስጥ እንቅልፍ ይጠፋል። ደህና ኮርኒስ ለማሠራት አቅም የሌለው ሰው ማዳበሪያ እንኳ ቢወጥር፣ ከቆርቆሮው በታች ክፍተት እስከተወ ድረስ ልዩነቱን ያየዋል፤ ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀለም መቀባትም ይረዳል። የከሰዓት ፀሐይ የሚመታውን መስኮት ከውስጥ በመጋረጃ ከመሸፈን ከውጭ በሰሌን ወይም በሸራ መጋረድ ይበልጣል፤ ሙቀቱ ሳይገባ ይመለሳልና። መስኮቱ ቀን ተዘግቶ ሌሊት ይከፈታል።

ሌሊት መክፈት ግን ለእኛ ከተማ ከትንኝ ጋር መጋፈጥ ነው። በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ወረርሽኝ ደርሶብናል፤ በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባ የወባ ትንኝ ዝርያም ከተማችን ገብቷል። ስለዚህ መስኮቱ ወንፊት፣ አልጋው አጎበር ያስፈልገዋል፤ ቧንቧ ይጠፋል ብለን የምንሞላው በርሜልና ሮቶም ክዳኑ የሚገጥም ይሁን።

ከቤቱ ቀጥሎ ሰዎቹ ናቸው። ሁሉም ሥራና ትምህርት ቤት ሲሄድ ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብቻቸውን የሚቀሩ አረጋውያን ውኃ እንዲጠጡ የሚያስታውሳቸው ሰው፣ ጎረቤትም ቢሆን፣ አስቀድሞ ሊመደብላቸው ይገባል፤ አረጋዊ ሰው ሰውነቱ ውኃ አጥሮትም ላይጠማው ይችላል። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከአሁኑ ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ በራሳቸው ግን አያቋርጡ። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ውኃ አይሰጠውም፤ ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በሙቀት የተመታን ሰው «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ ስንጨምቅ፣ ይባስ ብሎም በጋቢ ሸፍነን ስናልበው የምናጠፋው ጊዜ ነው። ዳማከሴን ለማንኳሰስ አይደለም፤ እኔም በሱ ነው ያደግሁት። ነገር ግን ሰውነቱ እያቃጠለ የሚቀባዥር ወይም ራሱን የሚስት ሰው የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሶ ወይም አልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ በደቂቃዎች ውስጥ መቀዝቀዝ አለበት፦ ወደ ጥላ ወስዶ፣ ልብሱን አውልቆ፣ ገላውን በውኃ እያራሱ ማራገብ፣ መኪና እየተፈለገም ይህንኑ አለማቋረጥ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ትን ሊለው ስለሚችል በአፉ ምንም አይሰጠውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ