ለእማዬ፣ ከዊትቢ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። በስልክ እንዳናወራ ልጆቹ እየተናጠቁ አላስወራ አሉን። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

ያለነው እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ዊትቢ የምትባል ትንሽ የባህር ዳርቻ ከተማ ነው። ከሊድስ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ቢያስኬድ ነው። ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። መሀሉ ላይ ያለው ድልድይ ጀልባ ሲመጣ ከመካከሉ ተከፍሎ ወደ ጎን ይዞራል። ትንሿ ይህን ለማየት ቁርሷን ጥላ ነው የምትወጣው።

የልጆቹ ዋና ሥራ ግን ሸርጣን ማጥመድ ነው። ብዙ ወጪ የለውም። ረጅም ገመድ፣ ባልዲ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ የሚታሰር ትንሽ መረብ፣ በቃ። መረቡ ውስጥ ሥጋ ይገባል። እዚህ ሰው የሚጠቀመው የአሳማ ሥጋ ነው። እኛ ዓሣ ሻጩን ጠይቀን የዓሣ ጭንቅላት በነፃ ሰጠን። ገመዱን ከወደቡ ግንብ ላይ ቁልቁል ለቀው ይጠብቃሉ። ሸርጣኑ ሥጋውን ሲይዝ በቀስታ መሳብ ነው። ከቸኮሉ ውሃው ላይ ሲደርስ ለቆ ይወድቃል። አንድ ቦታ አይቀመጥም የምትይው ትልቁ ልጅ ትንፋሹን ውጦ ገመድ ሲስብ ብታይው! ባልዲው የባህር ውሃ ይሞላል፤ ሸርጣን ግን ብዙ አይከቱበትም፣ እርስ በርስ ይነካከሳሉ። ሲመሽ ሁሉንም ወደ ባህሩ ይመልሷቸዋል። ትንሿ እያንዳንዱን “ደህና እደር” ሳትል አትለቀውም።

ስለ ባህሩ እንዳትሰጊ። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሲመለስ ገደሉ ሥር የተገኘ ሰው መውጫ ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ የሚመለስበትን ሰዓት ሳላይ ንቅንቅ አልልም። የሚዋኙትም ጠባቂዎች ቀይና ቢጫ ባንዲራ በተከሉበት መካከል ብቻ ነው። ደግሞ በነሐሴም ቢሆን ውሃው አጥንት ይሰብራል፣ ልጆቹ ራሳቸው ብዙ አይቆዩበትም።

አሸዋው ላይ ልጆች ከፍለው የሚጋልቧቸው አህዮች አሉ። ትንሿ አንዷ ላይ ተቀምጣ “አያቴም አህያ አላት?” አለችኝ። አላት አልኳት። “ስሟ ማነው?” አለች። መልስ አጣሁ። እባክሽ አንድ ስም አውጪላት፣ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

የትምህርት ቤት እረፍት ከፍልሰታ ጋር ስለሚገጥም የመጣነው በጾም ነው። በዚህ አገር ባህር ዳር የወረደ ሰው ሁሉ የሚበላው ዓሣና ድንች ጥብስ ነው። እኛ ባለንበት በዮርክሻየር አውራጃ ደግሞ ድንቹንም በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ብዙ ናቸው። እየጠየቅኩ በዘይት የሚጠብስ ቤት አገኘሁ። ሽሮና እንጀራ ግን ከቤት ይዘን ነው የመጣነው።

ቡሄም እዚሁ ዋለ። በተከራየነው ቤት ምድጃ ሙልሙል ጋገርኩ። ልጆቹ ባህሩ የተፋውን እንጨት ለቅመው፣ ወለሉን እየመቱ ከክፍል ክፍል ሆያ ሆዬ አሉ። ሴት ልጅ ሆያ ሆዬ አትልም ትይ ይሆናል። ያለን ወንድ ልጅ አንድ ነው፣ ተቀባይ ከየት ይምጣ? ትንሿ “ሆ!” ስትል ቤቱ ተናጋ። አባታቸው ሙልሙሉን ሰጥቶ፣ ተመርቆ፣ እንባው መጣ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከገደሉ አናት ላይ የፈረሰ ገዳም አለ። በእነሱ አቆጣጠር በ657 ሲመሠረት እመምኔቷ ቅድስት ሂልዳ ነበረች። ወንዶቹንም ሴቶቹንም መነኮሳት የምታስተዳድረው እሷ ናት። በዚያ ቦታ የነበሩትን እባቦች በጸሎቷ ድንጋይ አደረገቻቸው ይላሉ። ይህን ስሰማ በአንቺ አፍ የሰማሁት የአቡነ አረጋዊና የዘንዶው ታሪክ ትዝ አለኝ። ልጆቹንም ማታ እሱን ነገርኳቸው።

እባብ የተባሉት የተጠቀለሉ ድንጋዮች ዛሬም ዳርቻው ላይ ይገኛሉ። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ባህር ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ፍጥረታት ናቸው፣ ድንጋይ ሆነው የቀሩ። ትልቁ አንዲት ትንሽ አግኝቶ ትራሱ ሥር ይዟት ያድራል። አባይ በረሃ ውስጥ ያለው የኖራ ድንጋይም በዚያው ዘመን ከባህር ሥር የተሠራ እንደሆነ፣ አንቺም ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን ስትሻገሪ በዚያ በኩል እንደምታልፊ ነገርኩት። ዓይኑ ፈጠጠ። “አያቴ መጥታ ይሄን ትይ፣ ከዚያ እኛ ሄደን የሷን እንይ” አለ።

እማዬ፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ነይ። ልጆቹ አንቺን በስልክ ብቻ አውቀውሽ እንዲያድጉ አልፈልግም። ወደ ገዳሙ የሚያስወጣው ደረጃ 199 ነው፤ ጉልበቴን ብለሽ እንዳትፈሪ። መሀል መሀሉ ላይ መቀመጫ አለው፣ ድሮ አስከሬን ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጡ ሰዎች ያርፉበት የነበረ። ካልሆነም በመኪና ይደረሳል። እህሉ ከገባ በኋላ ይሁን አትበይኝ፣ ያኔ እዚህ ብርዱ አያስወጣም። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌ አጋማሽ ነው፣ ለዚያ እንድረስ። የግብዣውን ደብዳቤ እኔ እልካለሁ። ወንድሜ ፓስፖርትሽን ያሳድስ፣ ሐኪሙም ስለ ጉልበትሽ ምን እንዳለ በዚህ ሳምንት ይጻፍልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ